የርካሽ ግዥ ዋጋ

የወረዳና የክፍለ ከተማ የጨረታ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቁ ይሆናል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ በሰም የታሸገ ኤንቨሎፕ… ምኑም አይቀር። ዕቃው ካገለገለ በኋላ የት እንደሚጣል የሚጠይቅ መስመር ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ዋናው ነገር ዝቅተኛ ዋጋ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እስቲ አንድ ስብሰባ እንግባ። አጀንዳው «የአካባቢ ጥበቃ» ነው እንበል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ ባነር ተሰቅሏል፤ ቀን ስለተጻፈበት ለሌላ ጊዜ አይሆንም። በየተሰብሳቢው ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ግማሹ ተጎንጭተውለት ይቀራል። ሁሉም የተገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ደግ አደረገ! ግን ከጉልት ሽንኩርት የገዛች እናት በፌስታሏ ስትጠየቅ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በመኪና የሚያስጭነውን ቢሮ ማን ይጠይቀው?

«ርካሽ ስለሆነ ነው» ይሉናል። ለማን ነው ርካሽ? የዕቃ ዋጋ ደረሰኙ ላይ አያልቅም። ቆሻሻውን የሚያነሳው መኪናም፣ የሚደፋበት መሬትም ሒሳብ አላቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከተማው የገዛውና የጣለው ሁሉ መጨረሻው እዚያ፣ በድሆች ደጃፍ ነበር።

የሳንፍራንሲስኮ ከንቲባ የነበሩት ጋቪን ኒውሰም እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማው ገንዘብ ለታሸገ ውሃ መግዣ እንዳይውል አዘዋል። የአውሮፓ ኅብረት የ2014 የግዥ ሕግም ገዥው የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የመጠቀሚያውንና የማስወገጃውን ወጪ ጭምር አስልቶ አሸናፊውን እንዲመርጥ በር ከፍቷል። «የእነሱ ቧንቧ አይቋረጥም፤ የእኛ በፈረቃ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ታዲያ ባዶው ተመልሶ የሚሞላው ትልቁ የውሃ ዕቃና ብርጭቆ ምን ሆኑ? ቀን ያልተጻፈበት ባነርስ? ቀለሙ እየተሞላ የሚሠራ ማተሚያስ? እነዚህ ሁሉ አዲስ በጀት አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ጨረታ ሰነዱ ላይ የሚጨመሩ ጥቂት መስመሮችና መስመሮቹን የሚያስከብር ኃላፊ ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ሠራተኛውን አሰልፎ ችግኝ የሚተክል መሥሪያ ቤት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈርመው የግዥ ሰነድም አሻራው ነው። ያኛው አሻራ ግን አረንጓዴ አይደለም።