«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአርባ ሁለት ዓመት ማንበብ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያነበብኩት በአስራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከሰፈር ልጅ የተዋስኩት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጥጋ ጥጉ በሻይ የበለዘ ቅጂ ነበር። በአራት ሌሊት ጨረስኩት፤ አለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ራሴን በዛብህ አድርጌ የሽሮ ሜዳን ዳገት ወጣሁ ወረድኩ። ሰብለ ወንጌል ትሆነኛለች ብዬ የመረጥኳት ልጅ ግን ስለ ጉዳዩ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ክረምት እንደገና አነበብኩት። አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህኛው ጊዜ አላለቀስኩም፤ ደነገጥኩ እንጂ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ነው» እያልኩ ለሰው ሳወራው የኖርኩት መጽሐፍ፣ ለካ የሚጀምረው በወጣቶች አይደለም። የሚጀምረው የወጣትነት ጊዜያቸው ባለፈ፣ ሁለቱም ከትዳር ገበያ በወጡ ሰዎች ነው።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙን ታስታውሷቸዋላችሁ? የበዛብህ አባትና እናት ናቸው። እኔ በአስራ ሰባት ዓመቴ ዘልያቸው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያልኩ ነው ገጹን የገለበጥኩት። ቦጋለ ማንኩሳ የሚኖር ደኻ ነው። ውድነሽ ደግሞ ባሎቿ ስለሞቱባት «ገፊ» የሚል ስም የወጣላት ሴት ናት። ገፊ ማለት ያገባት ሁሉ የሚሞትባት ማለት ነው። ይህ ስም በዚያ ዘመን መንደር ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ማንም አይደፍራትም። እሷም ራሷ በስሙ ሳታምን አትቀርም፤ ሰው ስለ አንተ የሚለውን ነገር በቂ ጊዜ ከሰማኸው የራስህ ሐሳብ ይመስልሃል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ተጋቡ። እኔ አሁን ሳነበው የመጽሐፉ የመጀመሪያው ትልቅ ድፍረት ይሄ ነው። ፉከራ የለበትም፣ ጎራዴ የለበትም። አንዱ «እሞታለሁ» የሚል ፍርሃት አለው፣ ሌላዋ «እገድላለሁ» የሚል። ፍርሃታቸው ሳይለቃቸው አንድ ጎጆ ውስጥ ገቡ። ቦጋለም አልሞተም። ልጅም ወለዱ።

መጽሐፉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን የሰውን ልብ ከዚያ በላይ ያውቃሉ። በእርጅና ደጃፍ ላይ የተገኘው ልጅ ታመመ። የገዛ ፍርሃታቸውን ያሸነፉት ወላጆች ለልጃቸው ሲሆን ፍርሃት እንደገና ያዛቸው። ልጁ ከተረፈላቸው ሚስት ሳያገባ ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተሳሉ። በዛብህ ተረፈ፤ ግን ያልተሳለውን ስለት፣ ያልገባውን ብፅዓት ተሸክሞ አደገ። ብፅዓቱን ካፈረሰ ሞት እንዳለበት እየተነገረው አደገ።

የምከራከረው ስለዚህ ነው፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ፍቅርና ስለ መደብ የተጻፈ ነው ሲባል ትክክል ነው፤ ግን ከሥሩ ስለ ፍርሃት ውርስ የተጻፈ ነው። መሬት ይወረሳል፣ ማዕረግ ይወረሳል፣ ፍርሃትም ይወረሳል። የሚያወርሱን ደግሞ ፈሪዎች ብቻ አይደሉም። ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ በጣም የደፈሩ፣ ያገኙትን ነገር እንዳያጡ የሚሳሱ ሰዎች ናቸው።

ይህንን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

አባዬ ሸማኔ ነው። ከጨንቻ ገና ልጅ ሳለ፣ ማንንም በማያውቅበት ከተማ እሠራለሁ ብሎ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ከአገሩ ልጆች ጋር ተጠጋ። አማርኛ አያውቅም ነበር፣ የሚያርፍበት ዘመድ አልነበረውም። ይሄ ድፍረት ካልሆነ ድፍረት ምን እንደሆነ አላውቅም። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እየወረወረ አምስት ልጅ አሳደገ። ሬዲዮኑ ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ያነበበው በድጋሚ ሲተላለፍ፣ ዕቃውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን ግን ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል።

ይህ ሰው ስለ እኔ አንድ ስለት ነበረው። «ልጄ ጉድጓድ አይገባም።» በሸማኔነቱ ሲሰደብ ኖሯል፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሸመናቸውን ጥበቦች የሚለብሱ ሰዎች ሠሪውን ሲንቁት አይቷል። ስለዚህ እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበረብኝ፤ የወር ደሞዝ፣ ጡረታ፣ ማኅተም። ዕቃው ላይ እንድቀመጥ ለጨዋታ እንኳን ፈቅዶልኝ አያውቅም። ተማርኩ። መሥሪያ ቤት ገባሁ። ይኸው አስራ ስምንት ዓመቴ። ከአስራ ስምንቱ ዓመት ውስጥ አስራ አንዱን ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አንድ ልቦለድ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስደብቅ ኖሬያለሁ። ለማንም አላሳየሁም። ሰዎች ሲጠይቁኝ «ጊዜ የለኝም» እላለሁ። ጊዜ ግን ነበረኝ። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከወንበሬ ትንሽ ብነሳ የምሞት ይመስለኛል። ክረምት ላይ ስለ በዛብህ ሳነብ ይህ ስሜት የእኔ እንዳልሆነ፣ የተሰጠኝ እንደሆነ ገባኝ።

እዚህ ላይ ወደ ደራሲው ልመለስ፤ ምክንያቱም የእሳቸው ዕድሜ ራሱ ሊነበብ የሚገባው ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሀዲስ ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወታቸው ለሦስት ሰው ይበቃል። አስተማሪ ነበሩ። ከፋሺስት ጣልያን ጋር ተዋግተው ከራስ እምሩ ጋር ተማርከዋል፤ ኢጣልያ ደሴቶች ላይ ዓመታት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ ዲፕሎማት፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ሲያሳትሙ አርባዎቹ ውስጥ ነበሩ። ትልቁ ልቦለድ የመጣው ከዚያም ከአስር ዓመት በኋላ ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ወጡ። ልብ በሉ፦ ዛሬ ስማቸውን የምናነሳባቸው መጻሕፍት ሁሉ የወጡት ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ነው።

ይህንን ስል «ተስፋ አትቁረጡ፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል» የሚለውን የስልክ ቪዲዮ ስብከት ልሰብክላችሁ አይደለም። እሱን ከሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔን የገረመኝ የዘገዩበት ዓመት ምን ሆኖ እንደተመለሰ ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ፊታውራሪ መሸሻን ቢጽፋቸው ኖሮ የሚጠሉ ጨቋኝ ብቻ አድርጎ ይጽፋቸው ነበር። ሀዲስ ግን ያሳቁናል፣ ያሳዝኑናልም። ያ ሽማግሌ በስተርጅና ከፊታውራሪ አሰጌ ጋር ፍልሚያ ካልገጠምኩ ብለው ሲያብዱ፣ ያለፈ ጉልበታቸውን በባዶ ቁጣ ሊጠሩት ሲሞክሩ፣ የሚጽፈው ሰው ራሱ ጉልበቱ ሲጎድል ያየ መሆኑ ያስታውቃል።

በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ መሸሻን የሚመስል አንድ ሌላ ሽማግሌ አለ፤ ዶን ኪኾቴ። የእሱ ደራሲ ሰርቫንቴስም በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ተማርኮ አልጀርስ ውስጥ አምስት ዓመት ታስሯል፤ የ«ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያው ክፍል በ1605 እንደ ፈረንጆች ሲታተም ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነበር። ሁለቱ አንዱ ከሌላው ቀዳ እያልኩ አይደለም። ጦርነትንና እስርን አይቶ የተመለሰ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ በጉልምስናው የሚጽፍ ሰው በጀግንነት ላይ የሚስቀው ሳቅ አንድ ዓይነት መሆኑን ብቻ ልጠቁማችሁ ነው። ያ ሳቅ በሃያ ዓመት አይገኝም።

ስለ መነሳሳትም የተረዳሁት ይህንን ነው። መነሳሳት እንደ መብረቅ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ ያልወረደብኝም ስላልታደልኩ። አባዬ ግን አንድ ጥበብ ከመሸመኑ በፊት ድሩን ሲያዘጋጅ ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲል አይቼዋለሁ። የሚያየው ሰው ሥራ የጀመረ አይመስለውም። ሀዲስ ተወልደው ባደጉበት ጎጃም ያዩትን ነገር በስደት፣ በእስርና በቢሮ ዓመታት ሁሉ ይዘው ዞሩ። ያ ሁሉ ድር ነበር።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። በአርባ ሁለት ዓመት ስታነቡት ያኔ ያላያችሁት ጉድለትም ይታያችኋል። ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን አቁመው ራሳቸው የሚያብራሩባቸው ቦታዎች ረዝመዋል። ጉዱ ካሳ ሲናገር አንዳንዴ ሰውየው ይጠፋና መድረክ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የምቆጭበት ግን ውድነሽ ናት። ልጁ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ታሪኩ እሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። «ገፊ» የተባለችው ሴት ያንን ስም አሸንፋ ካለፈች በኋላ በልጇ ላይ ያሰረችውን ስለት አንድ ቀን እንኳን ተጸጽታበት ይሆን? እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሰው ምን ትል ነበር? ሀዲስ እዚያ ጥያቄ ላይ ትንሽ ቢቀመጡ ብዬ ተመኘሁ።

በዛብህም ቢሆን ከልጅነቴ በተለየ ታየኝ። የተማረ ነው፣ ቅን ነው፤ ግን ከብፅዓቱ ጋር ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይልቅ ይሸሻል። ፍርሃቱን መንገድ ላይ ይዞት ይሄዳል። መጽሐፉ ውስጥ ውርሷን በእጇ ይዛ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብላ ያስቀመጠችው ሰብለ ናት። አባቷ በዘር ቆጠራ ባሎቿን ሁሉ ሲመልሱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያለፈባት ሴት ናት፤ በዚያ ዘመን ቋንቋ ቆማ የቀረች። እሷ ናት ወንድ መስላ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ ወደ አዲስ አበባ የምትነሳው።

አሁን ስለ ሰፈሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጎጃም የሚመጣው መንገድ ሱሉልታን አልፎ፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ የሚወርደው ወደ ጉለሌ ነው፤ አዲሱ ገበያ ላይ። ሰብለ ቢሳካላት ኖሮ ከተማዋን መጀመሪያ የምታየው ከዚህ ተራራ ላይ ሆና ነበር። አልደረሰችም፤ መንገድ ላይ ቀረች። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባሕር ዛፉ ስወጣ አንዳንዴ አስባታለሁ። አለመድረሷን ሳይሆን መነሳቷን። ስትነሳ መጨረሻውን አታውቅም ነበር። መጽሐፉን በወጣትነታችን ስናነብ መቃብሩን እናስታውሳለን፤ አሁን ለእኔ የቀረው መንገዱ ነው።

መስከረም ላይ የጽሑፌን የመጀመሪያ ምዕራፍ አትሜ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ታነባለች፣ አትምርም። በሁለተኛው ቀን «ጋሼ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ነጠላ ሰረዝ እንደ ሽሮ በርበሬ በትነኸዋል» አለችኝ። አልሞትኩም። ስለዚህ ለአባዬ ላነብለት ደፈርኩ።

ዓይኑ ደክሟል፤ ዕቃው ላይ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ይቀመጣል። ሬዲዮውን ዘጋልኝና አዳመጠኝ። ስለ ድህነቱ ስጽፍ ዝም አለ። ስለ ስድቡ ስጽፍ ዝም አለ። ሸማኔው መወርወሪያውን የሚወረውርበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን እጁን አነሳ።

«ቆይ። እንደሱ አይደለም።»

«የቱ?»

«አያያዙ። እንዲህ ከተያዘ ክሩ ይበጠሳል። የጻፍከው ውሸት ነው።»

አንገቴን ደፋሁ። አርባ ሁለት ዓመት ከዚህ ዕቃ አጠገብ ኖሬ አያያዙን አላውቅም። አባዬ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በቀስታ፣ ጉልበቱን እየደገፈ ተነሳና ቦታውን ለቀቀልኝ።

«ጫማህን አውልቅና ግባ» አለኝ። «ላሳይህ።»