«እኩል ዋጋ» ወይስ «እኩል ድካም»?

የኔትወርክ ስዊች ወደ አንድ መድረሻ የሚያደርሱ አቻ መንገዶችን ሁሉ ጎን ለጎን የሚጠቀምበትን ሥርዓት «እኩል ዋጋ ያላቸው ብዙ መንገዶች» ብሎ መተርጐም ቃሉን ይጠብቃል፤ ፍቺውን ግን ይገለብጣል። በአማርኛ «ዋጋ ያለው» የሚባለው የተሻለው ነው። ኦኤስፒኤፍ በተባለው የመንገድ መምረጫ ደንብ ግን የሚመረጠው ቁጥሩ ያነሰው ነው፤ በተለመደው ስሌት 100 ሜጋቢት ለመስመሩ አቅም ስለሚካፈል የ10 ሜጋቢት መስመር 10፣ የ100 ሜጋቢት መስመር 1 ይሆናል። በትርጉሙ የተመራ ባለሙያ ቁጥሩን ቢያበዛ ፈጣኑን መስመር ያለ ሥራ ያስቀራል።

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ቱም የገባ መንገደኛ «የመንገድ ድካም» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል፤ ድካሙ ያነሰውንም ይመርጣል። ከቴፒ ወደ ጅማ በሚዛንና በቦንጋ፣ ወይም በማሻ፣ በጎሬና በበደሌ ይኬዳል። የሁለቱ ድካም እኩል ቢሆን ነጋዴው ቡናውን በሁለቱም ይልካል፤ አንዱን ጭነት ግን ለሁለት አይከፍልም። ስዊቹም የአንድን ግንኙነት ፓኬቶች፣ ተራቸው እንዳይፋለስ፣ በአንዱ መንገድ ብቻ ይሰዳል።

መሣሪያ አይደክምም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ዋጋም አይከፍልም እንላለን። ስለሆነም «እኩል ድካም ያላቸው ብዙ መንገዶች» የሚለውን ስያሜ ለውይይት እናቀርባለን።