ጎመኑን አትከልክሏቸው

ዋርፋሪን ለሚወስዱ አረጋውያን ከሚሰጡት ምክሮች አንዱን ባየሁት ቁጥር እሰርዘዋለሁ፤ «ጎመን አይብሉ» የሚለውን። ባሕር ዳር ውስጥ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ክትትል የማደርግላቸው እናቶችና አባቶች ከዘጌ፣ ከደቅ ደሴትና ከጣና ዳር ቀበሌዎች የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይጾማሉ። በጾም ወራት ከጓሯቸው የሚያገኙት ርካሹና ደህናው ምግብ ጎመን ነው። እሱን ከልክሎ የሰባ ዓመት እናት በደረቅ እንጀራ እንዲውሉ ማድረግ ሕክምና አይባልም።

ዋርፋሪን ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ይቀንሳል። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶበታል። ጎመን ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ሲጠፋ ይበረታል። ልኩን የምናውቀው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ባቱ ላይ ደም ለረጋበት ወይም የልቡ ምት ለተዛባ ሰው ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲቆይ እንፈልጋለን። በሳምንት ሦስት ቀን ጎመን የሚበሉ እናት ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ከበሉ፣ ክኒኑን በጎመናቸው ልክ መመጠን እችላለሁ። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ስለዚህ ከዓመቱ ሁሉ የሚያሳስበኝ ዐቢይ ጾም ነው። ቅበላው አልፎ 55ቱ ቀን ሲጀመር፣ አንዷ እናት በየቀኑ ጎመን ስለሚበሉ ቁጥራቸው ይወርዳል፤ ሌላው አባት በቀን አንዴ ጥቂት ቀምሰው ስለሚውሉ የእሳቸው ይወጣል። ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ቆሞ ሥጋና አረቄ ሲተኩ ሁሉም እንደገና ይናጋል። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንትና ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ቀጠሮ የምሰጠው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ሲዛነፍም የሳምንቱን ጠቅላላ መጠን ከ5 እስከ 20 በመቶ ብቻ እቀይራለሁ፤ ለውጡ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ በተለይ በአረጋዊ ሰውነት መቸኮል ደም ያፈሳል። የሚዋጥበት ሰዓት ግን ከጾም ጋር አይጋጭም። ማታ አንዴ ነው፤ ረመዳን ለሚጾሙትም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል።

የልጅ ልጆች ኢንተርኔት ላይ አንብበው «የአይጥ መርዝ ነው የሚሰጧችሁ» ሲሏቸው የሚደነግጡ አሉ። እውነቱን አልደብቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ አለቁ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ከድርቆሹ ለይተው አወጡ። ከዚያ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፤ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ከብት ያረቡ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል፤ የመጠን ነገር መሆኑም ወዲያው ይገባቸዋል።

ከጎመን ይልቅ የምፈራው ከመንደር መድኃኒት ቤት የሚገዛውን ነው። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛላቸዋል፤ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ባክትሪምም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲጀመር ደግሞ ሪፋምፒሲን ቁልቁል ይጥለዋል። ጉልበታቸው ሲያማቸው ዳይክሎፌናክ በመርፌ የሚወጉ አሉ፤ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ያቁራል፣ መድኃኒቱ ጨጓራ ያደማል። ስለዚህ ማንኛውንም ክኒን፣ ያለቀውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ። ከሰገራ መጥቆር ጀምሮ የአደጋ ምልክቶችን የማስረዳውም ለታማሚው ብቻ አይደለም፤ አብሯቸው ለሚኖረውና ክኒኑን ለሚያቀብለው ልጅ ጭምር ነው።

ብዙ ባልደረቦቼ «ይወድቃሉ» ብለው የልባቸው ምት ለተዛባ አረጋውያን መድኃኒቱን ይነፍጋሉ። በዚህ አልስማማም። የዚህ ዓይነቱ የልብ ምት መዛባት የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል፤ ዋርፋሪን ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ የመውደቅ ጉዳት ከመድኃኒቱ ጥቅም እንዲበልጥ አንድ አረጋዊ በዓመት 295 ጊዜ ያህል መውደቅ አለባቸው። ከጀልባ ሲወርዱ የሚደግፋቸው ሰውና ምርኩዝ እንፈልግላቸው እንጂ ክኒኑን አንንጠቃቸው።

አዲሶቹ ማቅጠኛዎች፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን፣ ተከታታይ የአይ ኤን አር ምርመራ አይጠይቁም። ከደሴት ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ኩላሊታቸው ደህና ከሆነና ዋጋውን ከቻሉ በደስታ እደግፋለሁ። ለሁሉ ግን አይሆኑም። የልብ ቫልቫቸው በሩማቲክ በሽታ የጠበበ ታማሚዎች እዚህ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ ሩማቲክ የልብ በሽታና የተዛባ ምት ያላቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያለውን የወሰዱት በሞት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። አሮጌው መድኃኒት ለእነሱ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ጸበል ነው። ሱባኤ ሲገቡ ክኒኑን የሚያቆሙ አሉ። ዋርፋሪን ከቆመ በአምስት ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚያልቅ፣ ሱባኤው ሳያበቃ ደሙ ወደ መርጋቱ ይመለሳል። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መናገሯን አስታውሳቸዋለሁ፤ ከንስሐ አባታቸው ጋርም እንዲመክሩ እጠይቃለሁ። ከዚያ «እማማ፣ ማታ ማታ በጸበሉ ይዋጡት፤ ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይምጡና ደሙን እናየዋለን» እላቸዋለሁ።