ቁጣ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያየው ፊልም

ያላያችሁት ካላችሁ ዛሬውኑ እዩት! «ኔትወርክ» ይባላል። ፓዲ ቻየፍስኪ ጽፎት ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ የወጣው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1969። ያኔ ዩቲዩብ የለ፣ ቲክቶክ የለ፤ በአገራችን ያለው አንድ ቴሌቪዥን ብቻ፣ እሱም ጥቁርና ነጭ። እኔ ግን ሳየው ዛሬ ሶዶ ካፌ ቁጭ ብለን ስልካችን ላይ የምናየውን ነው ያየሁት!

ሃዋርድ ቢል የሚባል ዜና አንባቢ ተመልካች ስለራቀው ሊባረር ነው። በቀጥታ ስርጭት «ራሴን አጠፋለሁ» ብሎ ያውጃል። ጣቢያው ተደናገጠ፤ ተመልካቹ ግን ጎረፈ! ዳያና የምትባለው የፕሮግራም ኃላፊ (ፌይ ዳናዌይ፣ እንዴት ያለች ተዋናይት!) ነገሩ ወዲያው ገባት፦ ቁጣ ይሸጣል። ሐኪም የሚያስፈልገውን ሰውዬ መድረክ ሰጥታ አስጮኸችው። ከዜናው ጎን ጠንቋይ አስገባች! ባንክ ለሚዘርፉ ታጣቂዎች ሳምንታዊ ፕሮግራም ከፈተች! ያኔ ሰዉ ተጋነነ ብሎ የሚስቅበት ነበር። አሁን ዩቲዩብ ክፈቱ፦ «ሰበር ዜና» ከትንቢት ጋር በአንድ ቻናል ይቀርባል፤ በላይቩ ይበልጥ የጮኸው ይበልጥ ይታያል።

በምስል ሕዝብን ማስቆጣት ለእኛም አዲስ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያ ቁጣ የተቀሰቀሰው ለሥልጣን ነበር። የቻየፍስኪ ትንግርት ግን ይኸው ነው፦ ቁጣ ለገበያ ብቻ የሚቀሰቀስበትን ቀን፣ የሚጮኸው ሰው እውነት ቢናገርም ባይናገርም ለጣቢያው ግድ የማይሰጠውን ቀን፣ ከሩቅ አየው!

4 ኦስካር አግኝቷል። ቢልን የተጫወተው ፒተር ፊንች የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው። ቢያትሪስ ስትሬይት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይታ ኦስካሩን ወሰደች፤ ያችን የባልና ሚስት ትዕይንት አይታችሁ ፍረዱ! መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ሶዶ ከ2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ወሬም ካሜራም በዝቶባታል። የወጌታ ኤፍ ኤም ጋዜጠኞች፣ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች፣ ስልክ ይዛችሁ ላይቭ የምትገቡ ሁሉ፣ ተሰብስባችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ቀዩን «ሰበር» ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሚያተርፍበት መጠየቃችሁ አይቀርም።