ሸማኔ የሌለው ድር፦ የቻይና የመርፌ ሕክምና በፍጥረት አስተምህሮ ፊት

ባለፈው ዓመት ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝ። ለወገባቸው ሕመም ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው፣ ቻይናዊ ሐኪም በቀጫጭን መርፌዎች ሲያክማቸው ቆይቷል። ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ጎንበስ ብለው እንጀራ መጋገር ችለዋል። የጸሎት ቡድናቸው አስተባባሪ ግን «መርፌው የባዕድ አምልኮ በር ነው፤ ይካዱት» ብሎ አስደንግጧቸዋል። «ልጄ፣ መርፌው አሽሎኛል፤ ያሻለኝ ግን ማን ነው?» አሉኝ። ነገረ መለኮት ማስተማር ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ዝግጁ መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው ወደ አንድ የቆየ መጽሐፍ መራኝ። አሜሪካዊው ቴድ ካፕቸክ በማካው የቻይናን ሕክምና ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ነው። ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «ሸማኔ የሌለው ድር» ይሆናል። የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ለምዕራባውያን አንባቢ ከውስጥ ሆነው ካስረዱት ሥራዎች መካከል በሰፊው የሚጠቀሰው ይህ ነው። በየመድረካችን ስለ መርፌ ሕክምና የሚነገረው አብዛኛው ይህን ወይም መሰሉን ሳያነቡ የሚነገር ይመስለኛል። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት ከጀመሩ ደግሞ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ጥያቄው ነገ በእናንተም ግቢ ጥግ ይጠብቃችኋል።

የካፕቸክ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የምዕራቡ ሐኪም የበሽታውን ምክንያት ይፈልጋል፤ የቻይናው ሐኪም ግን መላው ሰው የሚያሳየውን የአለመስማማት መልክ ያነባል። ያያል፣ ያዳምጣል፣ ያሸታል፣ ይጠይቃል፣ ይዳስሳል። የምላስን ቀለምና ሽፋን ይመለከታል፤ በሁለቱም እጆች አንጓ ላይ በሦስት ጣቶች የደም ሥር ትርታን ይለካል። ትርታው ተንሳፋፊ ነው ወይስ ጠላቂ፣ አንሸራታች ነው ወይስ ሻካራ እያለ ይለያል። ከዚህ ሁሉ «ቺ» የሚባለው ኃይል የት እንደ ጎደለ፣ የት እንደ ታገደ፣ ዪን እና ያንግ የት እንደ ተዛቡ ይወስናል። መርፌውም ቺ ይፈስባቸዋል በሚባሉት መሥመሮች ላይ ይተከላል።

ለዚህ ማሳያ መጽሐፉ ስለ ስድስት ሕመምተኞች ይተርካል። ሁሉም ሆዳቸውን የሚያማቸው ናቸው። የምዕራቡ ምርመራ ለስድስቱም አንድ ስም ይሰጣል፦ የጨጓራ ቁስለት። ቻይናዊው ሐኪም ግን የአንዱን ምላስ፣ የሌላውን ትርታ፣ የሦስተኛውን የፊት መልክ አይቶ ስድስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ይለያል፤ ስድስት ልዩ ልዩ ሕክምናም ያዝዛል። ትረካው ደስ ይላል። ሕመምተኛ ሰው እንጂ የተበላሸ ጨጓራ ተሸካሚ አለመሆኑን ያስታውሳል። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ለሦስት ደቂቃ ታይቶ ወረቀት የተሰጠው ሰው የካፕቸክን ሐኪም ቢመኝ አይፈረድበትም።

ግን መጽሐፉ በታተመበት ወቅት አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ ዋረን እና ማርሻል፣ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ አግኝተው ነበር። ዛሬ አገራችን ውስጥም እጅግ የተስፋፋውና ብዙ አገልጋዮች በስሙ የሚያውቁት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። በጊዜው ባልደረቦቻቸው ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ ማርሻል ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ከስድስቱ ሕመምተኞች ብዙዎቹ አንድ የጋራ ምክንያት ሳይኖራቸው አልቀረም፤ ስድስቱ መልኮች ግን አላሳዩትም። የምዕራቡም ሕክምና ለረጅም ዘመን አላየውም ነበር፤ ይህን አለመናገር አድልዎ ይሆናል። ልዩነቱ ምክንያት አለ ብሎ የሚፈልግ መንገድ ስሕተቱን ራሱ ሊያርም መቻሉ ነው። መልክን ብቻ የሚያነብ መንገድ ግን ምን ቢገኝ ተሳስቻለሁ እንደሚል ካፕቸክ አይነግረንም። የመጽሐፉ ትልቁ ድካም ይህ ነው እላለሁ።

ይህ ድካም ከርእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ካፕቸክ ርእሱን ለማስዋብ ብቻ አልመረጠውም። በቻይናው አስተሳሰብ ዓለም እርስ በርሱ የተያያዘ ድር ነው፤ ድሩን የሠራ፣ ከድሩ ውጭ የቆመ ፈጣሪ ግን የለም፤ ስለዚህ ከነገሮች ጀርባ ምክንያትን መፈለግ አያስጨንቀውም ይላል። በዚህ ረገድ ደራሲውን አመሰግነዋለሁ፤ ብዙ ደራሲዎች በጥቅስ መሐል የሚደብቁትን እርሱ ሽፋኑ ላይ ጽፎታል። የእኛ አንባቢ መነጋገር ያለበት ከዚህ የእምነት መግለጫ ጋር ነው። በአገራችን ሸማኔው ግማሽ አካሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው ድሩና ማጉ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆላስይስ 1፥17 ሁሉን አጋጥሞ የያዘው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ዘፍጥረት 1 ደግሞ ያዡን ከተያዘው ይለያል። ፍጥረት አምላክ ስላልሆነ ልንመረምረው እንችላለን፤ የአምላክ ሥራ ስለሆነም መርምረን ሥርዓት እናገኝበታለን።

እዚህ ላይ ከራሳችን ወገን ካለ አንድ ስሕተት ጋርም ልጣላ። አንዳንድ ክርስቲያኖች የመርፌ ሕክምናን ለመቀበል ሲሉ «ቺ ማለት በዘፍጥረት 2፥7 አዳም የተቀበለው እስትንፋስ ነው» ይላሉ። ይህ አቀባበል ከውግዘቱ የባሰ ነው። በዘፍጥረት ያለው እስትንፋስ የሰጪው ፈቃድና ስጦታ ነው። መሥመር ውስጥ የሚታገድ፣ በመርፌ ጫፍ የሚለቀቅ፣ ሲበዛ የሚቀነስ ነገር አይደለም። መርፌውን በዚህ መንገድ ካጠመቅነው የእግዚአብሔርን መንፈስ በእጃችን የምናዝዘው ኃይል እናደርገዋለን፤ ሲሞን መሠርይም በሐዋርያት ሥራ 8 የፈለገው ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የእናታችን ወገብ ግን ተሽሎታል። ጀርመን ውስጥ 1162 የወገብ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ በቻይናው ትምህርት መሠረት ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሽሏቸዋል። ከተጻፉት ነጥቦች ውጭ ለይስሙላ በስሱ ከተወጉትም 44.2 በመቶው ተሽሏቸዋል። መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸው ግን የተሻላቸው 27.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ውጤቱ ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። መርፌው ረድቷል፤ መርፌው የት እንደገባ ግን ብዙ ልዩነት አላመጣም። ቺ የሚሄድበት መሥመር እውነት ቢሆን ኖሮ ስሕተት ቦታ የተወጋው ሰው እንዲህ ባልተሻለው ነበር። መሥመሩ የአጋንንት መንገድ ቢሆንም እንዲሁ!

ይበልጥ የሚያስገርመው ካፕቸክ ራሱ የደረሰበት ነው። በኋላ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት 262 የአንጀት ሕመምተኞችን የያዘ ነበር። አንዱ ቡድን ተራ ብቻ ጠበቀ፤ ሁለተኛው ቆዳን የማይበሳ የይስሙላ መርፌ ያለ ብዙ ንግግር ተደረገለት፤ ሦስተኛው ያንኑ የይስሙላ መርፌ ጊዜ ሰጥቶ ከሚያዳምጥ፣ ከሚያጽናናና ተስፋ ከሚሰጥ ሐኪም ተቀበለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ የ1983ቱን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የደራሲውን የኋለኛ ሥራ አጠገቡ አድርጎ ማንበብ አለበት። በስድስቱ ሕመምተኞች ታሪክ ውስጥ ሥራውን የሠራው የምላሱ ንባብ ነው ወይስ አንድ ሰው ተቀምጦ ምላሳቸውን በትኩረት ማየቱ?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ቁጥር ቻይናውያንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሞቅ ያለ ቃልና ተስፋ በአንድ አሜሪካዊ ክሊኒክ ውስጥ ያን ያህል ሕመም ካስታገሠ፣ በእኛ የፈውስ ፕሮግራም መድረክ ላይ ወዲያው ማይክ የምንሰጣቸውን ምስክርነቶች እንዴት እንመዝናለን? እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፤ ሲፈውስም አይቻለሁ። ሕመሙ ቀለል ያለለትን ሰው ግን ተፈውሰሃል ብሎ የኤች አይ ቪ ወይም የስኳር መድኃኒቱን ማስጣል ሰው ይገድላል። የመርፌውን ሐኪም በዚህ ሚዛን ልንመዝን ከፈለግን እኛም መመዘናችን አይቀርም።

ወደ አስተባባሪው ክስ ልመለስ። ብዙዎቻችን ምች ሲመታን ዳማከሴ እየታሸን አድገናል፤ ማንም ይካዱት አላለንም። ክታብን ግን እናስወልቃለን። ለምን? ክታቡ በስሞች ጠርቶ መናፍስትን ያዝዛል፤ ቅጠሉ ቅጠል ነው። ዋግምትም የሚመዘነው በዚሁ ነው፦ ቀንዱ ቀንድ ነው፤ ጠያቂው ግን አብሮ ምን እንደሚደገም ይጠይቅ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ስለ ገበያ ሥጋ የሚሰጠው ምክርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሥጋው ለጣዖት መቅረቡ ባሕርዩን አልለወጠውም፤ በገበታው ላይ ለጣዖት የቀረበ ነው ተብሎ ሲነገር ግን የሌላውን ሕሊና ማሰብ ያስፈልጋል። የክሊኒኩ ሐኪም መርፌ ሲወጋ የሚጠራው ስም የለም፤ ትርታ መለካትም ሞራ ማንበብ አይደለም። ሕክምናው በማሰላሰልና ኃይልን ወደ ውስጥ በመጋበዝ ከታጀበ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ተነሥቶ መውጣት ይገባል።

በወባ ታሞ ኮአርተም የዋጠ አገልጋይ ሁሉም ከዚህ ባህል ተጠቅሟል። ቱ ዮዮ ለመድኃኒቱ መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ስትፈልግ ዘዴውን የጠቆማት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈው የቻይና መድኃኒት መጽሐፍ ነው፤ በ2015 ኖቤል ተሸልማበታለች። ቅጠሉ ተፈትኖ ተወሰደ፤ ዪንና ያንግ አላስፈለጉም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ አሪስቶሎኪያ የተባለ ዕፅ የገባበትን የቻይና ማክሻ መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸውን አጥተዋል። ከመንፈስ ይልቅ የምፈራው ይህን ያልተፈተነ እውቀት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላስ አይቶ ካንሰር የለብህም የሚለውን ሰው።

ለእናታችን የነገርኋቸው ከዚህ ያነሰ ነበር። አስቀድመው አጥንታቸውን በራጅ እንዲያስነሡ፣ መርፌው አዲስና የታሸገ መሆኑን እንዲያዩ፣ ሐኪሙን ሲወጋ የሚያደርገው ሌላ ነገር ካለ በአስተርጓሚው በኩል እንዲጠይቁ ነገርኋቸው። ያሻለኝ ማን ነው ላሉት፣ ሰውነትዎን የሠራው ነው፣ ሐኪሙ ባያውቀውም አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያስ ከመወጋቴ በፊት እየጸለይሁ እገባለሁ፤ አስተባባሪያችንን ግን አንተው አናግርልኝ» አሉ። እስካሁን አላናገርሁትም። ይህን ጽሑፍ እሰጠዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ።