የጮኸው የትኛው ጉማሬ ነው?

አባይ ውስጥ ዶልፊን የለም፤ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ግን አለ። ዘረመላቸው ሲመረመር፣ በሕይወት ካሉ እንስሳት ለዶልፊንና ለዓሣ ነባሪ ከጉማሬ የሚቀርብ አልተገኘም። ስለዚህ ከአሶሳ ተነስቶ ወደ አባይ ለሚወርድ የድምፅ አጥኚ ከዶልፊን ጥናት የሚወርሰው ሙያ አለው።

ከዚያ ሙያ ዋናው፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ ስለ እንስሳው ጠባይ ብዙ እንደማይናገር ማወቅ ነው። ሜልባና ዴቪድ ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1965 እያንዳንዱ ዶልፊን መለያ ፉጨት እንዳለው ያሳወቁት የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ቀርጸው ነው። ወንዝ ውስጥ ግን ጉማሬን ከመንጋው ለይቶ የሚቀርጽ ማን ነው?

መላው ከጉማሬው አጯጯህ ይገኛል። ዊልያም ባርክሎው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተመው፣ ጉማሬ አፍንጫውን አውጥቶ ጉሮሮውን ውሃ ውስጥ እንዳደረገ ሲጮህ ድምፁ በአየርም በውሃም ይሄዳል። እንግዲህ ዳርቻው ላይ ማይክሮፎን፣ ከሥሩ ውሃ ውስጥ ደግሞ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ ማለትም ሃይድሮፎን ይተከላል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ፣ በአየር 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 100 ሜትር ርቆ የጮኸ ጉማሬ መጀመሪያ በሃይድሮፎኑ፣ ሩብ ሰከንድ ሳይሞላ ደግሞ በማይክሮፎኑ ይሰማል። ከልዩነቱ ርቀቱ ይሰላል፤ በዚያ ርቀት ጭንቅላቱን ያወጣው የትኛው እንደነበር ከቪዲዮው ይታያል። እጅግ የሚያምር ዘዴ ነው! ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ለሚያሰማው ድምፅ ግን ተራርቀው የተተከሉ በርካታ ሃይድሮፎኖች ያስፈልጋሉ።

ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጎርፉ ሃይድሮፎኑን እየመታ ያጉረመርማል፤ ጉርምርምታውም የጉማሬውን ወፍራም ድምፅ ይውጠዋል። በበጋ፣ ከዋናው ፍሰት ገለል ያለ የተኛ ውሃ ተመርጦ ሃይድሮፎኑ በላስቲክ ይንጠለጠላል፤ የገመዱ መንቀጥቀጥ እንዳይደርስበት ነው። ጉማሬ ሰው ይገድላልና በትንሽ ጀልባ መጠጋት አይታሰብም። ማታ ለግጦሽ ስለሚወጣም መሣሪያው ከመውጫ መንገዱ ይራቅ።

የእነማን ድምፅ እንደሆነ ከታወቀ መልሶ ማሰማት ይቻላል። ኒኮላ ማትቮንና ባልደረቦቹ ሞዛምቢክ ውስጥ ይህን አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል፤ ጉማሬዎቹ የእንግዳ ድምፅ ሲሰሙ ከጎረቤቶቻቸው ድምፅ ይልቅ ተቆጥተው ፋንድያ ረጭተዋል።

ጉባ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ይሮጥ የነበረው አባይ ንጋት ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። የተኛ ውሃ ለሃይድሮፎን ይመቻል፤ ሞተር ጀልባ ሲበዛ ግን ሌላ ጩኸት ይመጣል። ቀረጻው ሳይዘገይ ከዳቡስ ወንዝ መግቢያ እስከ ግድቡ ቢጀመር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የውሃው ከፍታም አብሮ ቢጻፍ፣ ጉማሬዎቹ በሞተር ድምፅ መሃል ጩኸታቸውን ይለውጡ እንደሆነ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ይቻላል።