ከገና ጨዋታ በኋላ ያለው ሙግት

ገናን የሚያወድስ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ዱላውና ስለ ኳሷ፣ ስለ ሩሯ፣ ያወራል። እኔ የማደንቀው ሙግቱን ነው።

እንደ አምበር ባሉ የጎጃም ደጋ አካባቢዎች፣ ለልደት በዓል፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ የያዙ ሁለት ወገኖች ሩሯን ወደ ተጋጣሚያቸው ክልል ለማሻገር ይታገላሉ። በመንደር ጨዋታ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ስለማይኖር ዳኝነቱ የሁሉም ነው። ሩሯ ወሰኑን አልፋለች ወይስ አላለፈችም? ቅልጥም ላይ ያረፈው ዱላ ሩር ፍለጋ ነበር ወይስ የከረመ ቂም? አንዱ ምሎ ይመሰክራል፤ ሌላው ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ባለጉዳይ እያጣቀሰ ይሟገታል። ያሸነፈው ወገን በግጥም ይሳለቃል፣ የተረታው አጸፋውን ያሰናዳል። በዚያን ቀን ጌታ ሎሌውን አይቆጣምና ደሀው ባለጸጋውን በስንኝ ቢወጋው ነውር የለበትም።

ይህ የሙግት ጥበብ ከሩር ወደ እግር ኳስም ተሻግሯል። በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ባደረገችው የመጨረሻ ማጣሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተረታች። ውጤቱ ተመዝግቦ አልቋል፤ በአዲስ አበባው ጨዋታ ማብቂያ ላይ የተሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ግን ወሬው ከተነሳ ጠላ ቤት ያስመሻል።

ማሸነፍን ማን ይጠላል? ሽንፈትን በቀልድ ተሟግቶ ከረታው ሰው ጋር አብሮ መጠጣት ግን የሠለጠነ ባህል ይጠይቃል።